ስዊቹ ይለወጣል፣ ኬብሉ ግድግዳ ውስጥ ይቀራል

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ወንድሜ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቤት ውስጥ ሆነን የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት እናደርጋለን። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተርና ሳሎን ያለ ስማርት ቲቪ አለን። ፋይበሩ የገባው ሳሎን ነው። የምንሠራበት ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ዋይፋዩ እዚያ ሲደርስ ይደክማል፣ ይቆራረጣል። ፋይል የምንቀባበለው በፍላሽ ነው። አንድ ሠርግ ለማሻገር ግማሽ ቀናችን ይሄዳል። በኬብል ልናገናኘው ፈልገን መርካቶ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ ‹ካት 7 ካልሆነ አትግዢ› አለኝ። ሌላው ያገለገለ ባለ 24 ፖርት የቢሮ ስዊች በርካሽ አሳየኝ። ግራ ገባኝ። ገንዘባችን ትንሽ ነው። ወደፊት ደግሞ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ስቱዲዮ ልናደርጋት አስበናል። ምን ልግዛ?»

እህቴ፣ እንኳን ሳትገዢ ጠየቅሽ። የሚያስፈልግሽ ከነገሩሽ ሁሉ ያነሰ ነው። አንድ ባለ 8 ፖርት (ስምንት መሰኪያ ያለው) ጊጋቢት ስዊች፣ ከሳሎን እስከ ሥራ ክፍላችሁ የሚደርስ አንድ ጥሩ የመዳብ ኬብል፣ ከዚያ አጫጭር ፓች ኮርዶች፣ ማለትም ጫፋቸው ተሠርቶ የመጣ ኬብሎች። ስዊች ማለት ኬብሎች ተሰክተውበት ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን ነው። በቃ። ካት 7ቱንም (ካት የኬብሉ ደረጃ ነው) ባለ 24 ፖርቱንም እዚያው ተዪላቸው። ለምን እንደሆነ ግን ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ ሱቅ ውስጥ ማንም አያደናግርሽም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ኬብል ኢንተርኔትሽን አያፈጥነውም። የገዛሽው ጥቅል 20 ሜጋ ከሆነ ያው 20 ሜጋ ነው። ኬብሉ የሚያደርገው ያንን 20 ሳይሸራርፍ ጠረጴዛሽ ድረስ ማምጣት ነው። መቆራረጡ ይቀራል፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። ለእናንተ ሥራ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ቦታ ነው፤ በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል።

እስቲ እናስላው። በ4ኬ፣ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። አንድ ሠርግ 50 ጊጋባይት ነው እንበል፤ ከዚያም ያልፋል። በፍላሽ ስታሻግሪው ሁለት ጊዜ ነው የምትገለብጪው፤ አንዴ ወደ ፍላሹ፣ አንዴ ከፍላሹ። ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ስለሆነ ባለ 100 ሜጋቢት ስዊች በተግባር በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ያህል ነው የሚያሳልፈው። ያ 50 ጊጋባይት በእሱ ላይ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ስዊች ደግሞ 110 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል። ስምንት ደቂቃ ማለት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ጠበበኝ ብለሽ ባለ 100ውን እንዳትገዢ። ለፕሪንተርና ለፌስቡክ ይበቃል፤ ለቪዲዮ ግን ገንዘብሽን መጣል ነው።

ችግሩ ሁለቱ ስዊቾች መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ መንታ ይመስላሉ። ያው ትንሽ ሳጥን፣ ያው አምስት ወይም ስምንት ፖርት፣ ያው የካርቶን ቀለም። መለያው የሞዴል ስሙ ውስጥ አለ። የቲፒ-ሊንክን ብትወስጂ ስሙ ውስጥ «ኤስኤፍ» ያለበት ባለ 100 ነው፤ «ኤስጂ» ያለበት ጊጋቢት ነው። በመርኩሲስ ደግሞ «ኤምኤስ105» ባለ 100 ሲሆን መጨረሻው ላይ «ጂ» የተጨመረበት ጊጋቢት ነው። አንዲት ፊደል ናት። ካርቶኑ ላይ «10/100/1000» የሚል ፈልጊ። ሦስተኛው ቁጥር ከሌለ መልሺው። ባለሱቁ «ያው ነው» ቢልሽ ያው አይደለም።

ቲፒ-ሊንክ፣ ቴንዳ፣ ዲ-ሊንክ፣ መርኩሲስ፤ ለቤት ከሆነ ከእነዚህ መካከል የትኛውንም ብትወስጂ አልጨነቅም። እንዲህ ያለ ተራ ስዊች ሴቲንግ የለውም፣ ፓስወርድ የለውም፤ ስትሰኪው ይሠራል። «ማኔጅድ» የሚባለውን ውድ ዓይነት ለቢሮዎች ተዪው። ባለ 8 ያልኩሽም በምክንያት ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ሁለት ዴስክቶፕ፣ ላፕቶፕና ፕሪንተር አሉ፤ ከሳሎን የሚመጣው ኬብል ሲጨመር አምስት ሆነ። ባለ 5 ብትገዢ በመጀመሪያው ቀን ይሞላል፤ የሰርቪሷ ኬብል ሲመጣ መሰኪያ አይኖርሽም። ቲቪውን ወደ ስዊቹ ማምጣት አያስፈልግም። እዚያው ሳሎን የፋይበሩ ሳጥን ላይ ስኪው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ገንዘብ የሚያተርፍልሽ እሱ ነው። የፋይበር ሳጥንሽ ፖርቶች ሁሉም ጊጋቢት ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ ብቻ ጊጋቢት ሆኖ ሌሎቹ ባለ 100 የሆኑበት ሳጥን አለ። ይህን የሰሙ ሰዎች ሌላ ራውተር ለመግዛት ይሮጣሉ። አንቺ አያስፈልግሽም። ሁለቱ ዴስክቶፖች እዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ እርስ በርስ የሚላላኩት ፋይል ሳሎን ድረስ አይሄድም። ስዊቹ ከአንዱ ፖርት ተቀብሎ ለሌላው ይሰጠዋል፤ አለቀ። ሳሎን ድረስ የሚሄደው ኢንተርኔቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስዊቹን ሳሎን ሳይሆን ሥራ ክፍላችሁ አስቀምጪው። አንድ ረጅም ኬብል ብቻ ይዘረጋል፤ የቀሩት አንድና ሁለት ሜትር ናቸው።

ወደ ኬብሉ እንምጣ። ገንዘብሽን ማዋል ያለብሽ እዚህ ላይ ነው። ስዊች ቢበላሽ በአምስት ደቂቃ ነቅለሽ ሌላ ትተኪያለሽ። ኬብል ግን ኮርኒስ ላይ ይወጣል፣ ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳ ይበሳለታል። እሱን መቀየር ሥራውን ሁሉ እንደገና መጀመር ነው።

ገበያ ላይ ያለው ትልቁ ወጥመድ የካት ቁጥሩ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ብረት ነው። ብዙው ርካሽ ኬብል ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ በስሱ መዳብ የተቀባ ነው። ሲታይ መዳብ ይመስላል። ግን ሬዚስታንሱ ከመዳብ በግማሽ ያህል ይበልጣል፣ ቶሎ ይሰበራል፣ መሰኪያው ውስጥ ቀስ በቀስ ይዝጋል። እኔ ይህን የተማርኩት ዘመድ ቤት ነው። ሥራ ስጀምር ለአንዲት አክስቴ ርካሹን ገዝቼ ዘረጋሁላት። ዓመት ሳይሞላ ደወለች፤ ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል አለችኝ። ሄጄ መሰኪያውን ገና ሳነካካው ሽቦዎቹ እንደ ደረቅ መኮሮኒ ቀጭ ቀጭ እያሉ ተሰበሩ። ኮርኒሷን ሁለተኛ ጊዜ ከፈትኩባት። አሁንም ድረስ ሳስበው ያመኛል፤ ሰው አምኖኝ ነበርና።

ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ለምኚና ፈትሺ። ላዩን ፕላስቲክ ላጪው። ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ታገኛለሽ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ። የአንዱን ቀለም ላጪና ሽቦውን በምላጭ ጫፍ ቀስ እያልሽ ፋቂው። እውነተኛ መዳብ ስትፍቂውም ውስጡ እንደቀላ ነው። ሐሰተኛው ሁለት ሦስት ጊዜ ስትፍቂው ብር የመሰለ ነጭ ይወጣል። ከዚያ ሽቦውን ወዲያና ወዲህ አጣጥፊው። አሉሚኒየሙ በጥቂት እጥፋት ይሰበራል፤ መዳብ ይታገሣል። ክብደቱም ይናገራል፤ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ብታነሺ የመዳቡ ክንድ ይይዛል። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብቢ። ሲ፣ ሲ፣ ኤ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ካየሽ አሉሚኒየም ነው። ፊደሎቹ የሉም ማለት ግን መዳብ ነው ማለት አይደለም። ምላጩን እመኚ። እንዳይፈተሽ የሚከለክልሽ ባለሱቅ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ግቢ።

ካቱን በተመለከተ፣ ካት 5ኢ ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያለችግር ይሸከማል። ካት 6ም እንደዚያው፤ በተጨማሪ እስከ 55 ሜትር ገደማ 10 ጊጋቢት ይችላል። ቤትሽ ውስጥ ከሳሎን እስከ ክፍላችሁ 20 ሜትር ቢሆን ነው። የዋጋቸው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ካት 6 ውሰጂ፣ ነገ ይጠቅምሻል። ግን ልብ በይ፤ ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ከአሉሚኒየም ካት 6 በብዙ ይሻላል። በዚህ አልደራደርም። ካት 7 ያሉሽ ደግሞ በትክክለኛው መስፈርቱ የእኛን መሰኪያ እንኳን አይጠቀምም። ገበያ ላይ በዚያ ስም የሚሸጡት ዝርግ ኬብሎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ክር የመሰለ ሽቦ ነው። በብረት የተሸፈነውም ዓይነት በትክክል ኧርዝ ካልተደረገ ለቤት ጥቅም የለውም። ተራው ሽፋን የሌለው ይበቃሻል።

ሙሉ ካርቶን 305 ሜትር ነው፤ ለአንቺ ብዙ ነው። በሜትር የሚቆርጥልሽ ፈልጊ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በሲባጎ ለኪ። ወደ ላይ ወደ ኮርኒስ የሚወጣውንና የሚወርደውን አትርሺ፤ ሦስት ሜትር ጨምሪበት። ብዙ ኬብል ላይ በየሜትሩ ቁጥር ታትሟል። ሲቆረጥልሽ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር አንብቢ፤ ልዩነቱ የገዛሽው ርዝመት ነው። በሜትር የሚሸጠው፣ ስምንቱም ሽቦዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ድፍን ሽቦ የሆኑት፣ ለግድግዳና ለኮርኒስ ነው። ከኮምፒውተሩ ወደ ስዊቹ ለሚሄደው ፋብሪካ የሠራውን ለስላሳ ፓች ኮርድ ግዢ፤ ቢታጠፍም በቀላሉ አይሰበርም።

ሲዘረጋ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ኮንዲዩት አታስገቢው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ ቢያንስ አንድ ስንዝር አራርቂያቸው። መሻገር ካለባቸው በመስቀል ይሻገሩ። ኤሌክትሪሻኑ «ቦታ አለ፣ እዚሁ ላሳልፈው» ቢልሽ እምቢ በይ። ለኔትወርኩ ብቻ ሳይሆን ለሕይወታችሁም ነው።

ጫፉን ክሪምፕ የሚያደርግልሽ (መሰኪያ የሚገጥምልሽ) ሰው ስትፈልጊ ቴስተር፣ ማለትም የኬብል መፈተሻ፣ ያለው ይሁን። የቀለሙ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ግምዱን ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙ አይፍታው። የውጪው ፕላስቲክ መሰኪያው ውስጥ ገብቶ በደንብ ይነከስ፤ ሽቦዎቹ ራቁታቸውን ውጪ ከታዩ አስደግሚው። ስምንቱም የቴስተር መብራት ተራ በተራ ሲበራ በዓይንሽ ሳታዪ አትክፈዪ።

ያ ባለ 24 ፖርት ያገለገለ የቢሮ ስዊችስ? ስሙ ትልቅ ነው፤ በጊዜውም ጥሩ ዕቃ ነበር። ነገር ግን የሲስኮ ካታሊስት 2960 ብዙ ሞዴሎች ለምሳሌ 24ቱ ፖርታቸው ባለ 100 ነው፤ ጊጋቢት የሆኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀደመው ቢሮ ያስገባበት ሴቲንግ ሊኖር ይችላል፣ ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ መብራት ይበላል። ድምፅ የምታስተካክሉበት ክፍል ውስጥ ያንን ጩኸት አታስገቡ።

ኮምፒውተሮቹንም እዪያቸው። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ የተሠራ ዴስክቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ጊጋቢት ፖርት አለው። ላፕቶፑ ፖርት ከሌለው የዩኤስቢ አዳፕተር ትገዢያለሽ። እዚያም ያው ወጥመድ አለ፤ ርካሹ ባለ 100 ነው። ዩኤስቢ 3 የሆነና «ጊጋቢት» የሚል ምረጪ። ውስጡ ሪልቴክ አርቲኤል 8153 ቺፕ ያለው ከሆነ ዊንዶውስም ሊኑክስም በደንብ ያውቁታል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ይህንና ስዊቹን ማስመጣት ትችያለሽ፤ ሁለቱም ኪስ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። የስዊቹ አዳፕተር ላይ «100–240 ቮልት» የሚል መጻፉን ግን አይቶ ይግዛ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ቤት ሲሰካ ያኔውኑ ይቃጠላል።

ስለ መብራት መሄድ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ልበል። መብራት ሲሄድ የፋይበሩ ሳጥን ይጠፋል፣ ስዊቹም ይጠፋል። ሁለቱም የሚበሉት ጥቂት ነው። አሁን ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ ባትሪ ገበያ ላይ አለ፤ 5፣ 9 እና 12 ቮልት የሚያወጣ። ከመግዛትሽ በፊት የሁለቱን ዕቃዎች አዳፕተር ገልብጠሽ ስንት ቮልት እንደሚል ጻፊ። ብዙ የፋይበር ሳጥን 12 ነው፤ ትንንሽ ስዊቾች ደግሞ ብዙዎቹ 5 ወይም 9 ናቸው። መሰኪያቸው ስለገጠመ ብቻ አታለዋውጪያቸው፤ በ5 ቮልት የሚሠራ ስዊች 12 ሲገባበት አበቃለት።

አሁን ሰርቪሷ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አደጋ አለበት። ርቀቱ ችግር የለውም፤ ጓሮ ድረስ 30 ሜትር ቢሆን ነው። ችግሩ መብረቅ ነው። ከዋናው ቤት ቆርቆሮ ወደ ሰርቪሷ ቆርቆሮ በአየር ላይ የተወጠረ የመዳብ ሽቦ በክረምት መብረቅ መጥሪያ ነው። በቀጥታ ባይመታውም፣ ሰፈር ውስጥ ቢወድቅ እንኳን ሽቦው ላይ የሚፈጥረው ቮልቴጅ ፖርቶችን ያቃጥላል። ሐምሌ ላይ የተጠራሁበት አንድ ግቢ አስታውሳለሁ። ኬብሉ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በግቢው ላይ ተወጥሯል። ከአንድ ዝናብ በኋላ የዋናው ቤት ስዊች ሞተ፣ የሰርቪሱ ኮምፒውተር የኔትወርክ ፖርትም አብሮ ሄደ። ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ፖርቱ ግን መብራት የለውም።

ስለዚህ አሁን ኬብል አትሳቢ። አሁን ባዶ ኮንዲዩት ብቻ መሬት ውስጥ ቅበሪ፤ ውስጡ መሳቢያ የሚሆን ሲባጎ ተዪበት። ግቢው የሚቆፈርበት ሌላ ሥራ ካለ፣ የውኃ ቧንቧ እንኳን ቢሆን፣ አብሮ ይቀበር። ስቱዲዮው ሲደርስ ጫፉ ተሠርቶ የመጣ የፋይበር ኬብልና ሁለት ጊጋቢት ሚዲያ ኮንቨርተር (የመዳቡን ኬብል ከፋይበሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ትገዢያለሽ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ፋይበር መስታወት ነው፤ በብርሃን እንጂ በኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ድጋፍ የሚሆን የብረት ሽቦ አብሮት የሌለውን ብቻ ምረጪ። ያኔ መብረቅ በኔትወርኩ ኬብል ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ አይኖርም። ሲባጎው ሲሳብ የፋይበሩ ጫፍ እንዲያልፍ ኮንዲዩቱን ሰፋ ያለ አድርጊው። እስከዚያው ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ዕቃዎቹን ከዲቫይደሩ መንቀልን ልማድ አድርጉት።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ስዊቹና ሁለት ፓች ኮርድ። በዚህ ብቻ ሁለቱ ዴስክቶፖች ዛሬውኑ ፋይል ይቀባበላሉ፤ ኢንተርኔቱ ለጊዜው በዋይፋይ ይቀጥል። ቀጥሎ የሳሎኑ ኬብል። ከዚያ የላፕቶፑ አዳፕተር፣ ከዚያ ሚኒ ዩፒኤስ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከሳሎን የሚመጣው ኬብል እስኪገባ ድረስ ስዊቹ ላይ ለኮምፒውተሮቹ የኔትወርክ አድራሻ የሚሰጣቸው የለም። ስለዚህ በእጅሽ ሙዪላቸው፤ ለአንዱ 10.0.0.1፣ ለሌላው 10.0.0.2፣ ሰብኔት ማስኩ ለሁለቱም 255.255.255.0፤ የጌትዌዩን ቦታ ባዶ ተዪው። የሳሎኑ ኬብል ሲገባ ወደ አውቶማቲክ መልሺው።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ አንዱ ዴስክቶፕ ላይ ፎልደር ሼር አድርጊና ከሌላው ሆነሽ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ገልብጪ። ዊንዶውስ ፍጥነቱን ያሳይሻል። 100 ሜጋባይት አካባቢና ከዚያ በላይ ካነበብሽ ሥራው አልቋል። 60 ወይም 80 ላይ ከተንቀራፈፈ ኔትወርኩ ሳይሆን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል። 11 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ግን ግንኙነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል። ባለ 100 ከስምንቱ ሽቦ አራቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን ይሞታል። መጀመሪያ ፓች ኮርዱን ቀይሪ፣ ቀጥሎ የስዊቹን ፖርት። አሁንም 11 ከሆነ የኮምፒውተሩን ሊንክ ስፒድ (የግንኙነቱን ፍጥነት) አይተሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።